በማድ ቤቴ ግድግዳ ላይ የበቀለው ቦ

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

የማድ ቤቱ ግድግዳ ተሰንጥቋል። ከጭስ መውጫው ሥር የበቀለው ቦ ባለፈው ዓመት አውራ ጣት ያህል ነበር፤ ዘንድሮ ክንድ አልፏል። ወፍ ፍሬውን ከገዳሙ በልታ እዚህ ጣለችው። ሩዝ ስቀቅል ከኋላዬ ቅጠሎቹ ንፋስ በሌለበት ሲንቀጠቀጡ እሰማለሁ፣ ሥራዬን ትቼ ዞር እላለሁ።

ሌላ ዛፍ ቢሆን በቢላዋ እገላገለው ነበር። ቦ ግን ቦ ነው፤ ጌታችን ቡድሃ ከሥሩ ተቀምጠው የነቁበት ዛፍ። እናቴ ቅጠሉን መንገድ ላይ ወድቆ ካገኘችው አንስታ ግንባሯን ታስነካውና ሰው ከማይረግጠው ጥግ ታኖረው ነበር። ቦን የቆረጠ እጅ የጌታችንን አካል እንዳቆሰለ ይቆጠራል። አይነቀልም፣ አይቆረጥም። እሱ ግን ግድግዳ ይሰነጥቃል።

ስለዚህ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደርጋለሁ፤ ኒዛር ናናን እጠራለሁ። መስቀለኛው መንገድ ላይ በገዳሙ መሬት ላይ ያለችው ክፍል ውስጥ ልብስ የሚሰፋው ጎረቤቴ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ናና እለዋለሁ፣ ሙስሊሞቹ ታላቅ ወንድምን የሚጠሩት እንዲህ ነው። አባቱም ይህን ሥራ ይሠሩልን ነበር። ለእነሱ ተክል ነው፤ ኃጢአቱ አይቆጠርባቸውም እንላለን። እንላለን እንጂ መነኩሴውን የጠየቀ ሰው አላውቅም።

የልጄ የዲልሩክሺ እጮኛ ቤተሰቦች ከጎል ከተማ ለልብስ በዓል፣ ለመነኮሳቱ ልብስ ለምንሰጥበት ቀን፣ ይመጣሉ። የልጁ እናት በየሙሉ ጨረቃው የምትጾም፣ ሁሉን በምልክት የምትፈታ ሴት ናት አሉ። ቦ የበቀለበት ቤት ባዶ ይቀራል የሚል አባባል አለ። እኔ አላምንበትም። እሷ ግን ምን እንደምታምን አላውቅም።

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

ሲመሻሽ በጓሮ በር መጣ። ለዚህ ሥራ በፊት በር የሚመጣ የለም።

"ምነው ሶማ፣ ዘንድሮም ወፏ አንቺን መረጠች?"

"ቀስ በል ናና፣ ሂን ማኒኬ ከአጥሩ ወዲያ በረንዳዋ ላይ ናት።"

"እሷ ናት የምታስፈራሽ? ከውኃ ጉድጓዷ ላይ ቦ ያወረድኩላት ጊዜ ኮቴህ እንዳይሰማ ብላ ጫማዬን አስወልቃኛለች። እንደ ሌባ ነው የገባሁት።"

ሳቅሁ። ኖራውን በውኃ እያራሰ፣ በስፌት ማሽኑ ካቻቪቴ ዙሪያውን እየቆፈረ፣ ቀስ ብሎ አወጣው። ሥሩ ሳይበጠስ እንዳለ ወጣ። ከሚሰፋው የተማሪ ዩኒፎርም በተረፈ እርጥብ ቁራጭ ጠቀለለውና ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ከአፈር ጋር አስቀመጠው።

"እንቺ፣ ነፍስ አለው። ነገውኑ ለመነኩሴው አድርሺ፤ ግቢዬ በቀለ በያቸው። የኔ ድርሻ ማውረድ ነው፣ መትከሉ የናንተ። የናንተን ኃጢአት ስሸከም እኮ ጀርባዬ ጎበጠ። በይ ሻይ እንኳን ስጪኝ።"

ሻዩን ቆሞ ጠጣ። ተቀመጥ አላልኩትም። በሩ ክፍት ነበር፣ ከመንገድ ይታያል።

ሐምሌ 6

ዝናብ። አልሄድኩም። ነገ።

ሐምሌ 9

ሙሉ ጨረቃ። የመነኮሳቱ የዝናብ ሱባኤ ተጀመረ። አገሩ ሁሉ ነጭ ለብሶ ገዳም ነው የዋለው። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ቆርቆሮ ይዞ መሄድ ከበሮ እየመቱ መሄድ ነው። አበባዬን ብቻ ይዤ ሄድኩ፣ ለትልቁ ቦ ሰገድኩ፣ መብራቴን አበራሁ። ሰው ሲቀንስ አመጣዋለሁ ብዬ ለዛፉ ነገርኩት።

ማታ ዲልሩክሺ "እማ፣ ውኃ ላጠጣው?" አለችኝ።

"ተዪው፣ እኔ አለሁ" አልኳት።

ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ

ሂን ማኒኬ ኮኮነት ልትበደር መጥታ ቁጭ አለች። ስትመጣ ለጨው ብላ፣ ስትሄድ ወሬ ይዛ የምትሄድ ሴት። ከወንዙ ማዶ ጣሪያውን ቦ ሰንጥቆት ስለወጣው ቤት አወራችኝ። አባትየው ሞተ፣ ልጆቹ ተበተኑ፣ ልጅቷ ሳታገባ ቀረች።

"ቦ እኮ ባዶ ሊሆን ያለውን ቤት ያውቃል፣ እትዬ ሶማ" አለች፤ ዓይኗ ግን ማድ ቤቴ ላይ ነበር። ግድግዳው ላይ የለሰንኩት አዲስ ሲሚንቶ ገና አልነጣም። ያንቺስ ጉድጓድ ልላት ምላሴ ላይ ደርሶ መለስኩት። ኮኮነቱን ሰጠኋት።

ሐምሌ 24

ነገ ጎል እንሄዳለን። ለሠርጉ ቀን ለማስቆረጥ። ሻንጣ፣ ስጦታ፣ የአውቶቡስ ሰዓት። ቆርቆሮውን ዶሮዎቹ እንዳይጭሩት ወደ ጓሮው ጥግ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር አዛወርኩት። ስመለስ በቀጥታ ገዳም።

ነሐሴ 2

ተመለስን። ደህና ሰዎች ናቸው። ቀኑን ግን ለልብስ በዓል ስንመጣ እንቆርጣለን አሉ። የልጁ እናት ዲልሩክሺን ፀጉሯን ዳበሰቻት።

ደርቋል። ረስቼው ነው። ለጉዞው ስንጣደፍ ረሳሁት።

ነሐሴ 3

ውኃ አጠጣሁት። እንደገና አጠጣሁት። ቅጠሎቹ ጠቁረው እጄ ላይ ቀሩ። ዝናብ ዘንቦ ነበር አሉ፤ ጓሮው ሁሉ ረጥቧል። እሱ ያለበት ጥግ ብቻ አቧራ ነው። ከክፈፉ ሥር ዝናብ እንደማይደርስ ማን ልብ ይላል?

ለመነኩሴው የሞተ ቦ ይዤ ልሂድ?

ነሐሴ 6፣ ረቡዕ

ማለዳ በጋዜጣ ጠቅልዬ ከጓሮ ወዳለው ቦይ ለቀቅኩት። ከመልቀቄ በፊት ሰገድኩለት። ቦዩ ወደ ወንዙ ይገባል፣ ወንዙ ወደ ባሕር። ለሞተ ነገር ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። ስመለስ እጄን በሳሙና ታጠብኩ፣ ሩዝ ስለቅም ደግሞ ታጠብኩ።

ነሐሴ 8

ወንዝ አልደረሰም። ከመስቀለኛው መንገድ ድልድይ ሥር ያለው ፍርግርግ ያዘው፣ ከኒዛር ናና ሱቅ ፊት ለፊት። ልብስ አጣቢዎቹ ናቸው ያገኙት። ጋዜጣው ሟሙቶ ሄዷል። ሥሩ ላይ ግን የዩኒፎርሙ ቁራጭ እንደታሰረ ነው።

ያን ጨርቅ አልፈታሁትም። ለምን አልፈታሁትም?

ነሐሴ 10፣ እሑድ

የገዳሙ ማኅበር ሊቀ መንበር ጋሼ ዊጄፓላ ሻይ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመው ሲናገሩ ሰማሁ። ዳቦ ልገዛ ነበር የሄድኩት።

"በገዳም መሬት ላይ ተቀምጦ፣ የገዳምን ዛፍ ገድሎ፣ ውኃችን ውስጥ ይጥላል። ትዕግሥትም ልክ አለው።"

"ምናልባት የጠራው ሰው ይኖር ይሆናል" አለ ባለ ሻይ ቤቱ።

"ማን ይጠራዋል? እኛ እንጠራዋለን?"

ባለ ሻይ ቤቱ ብርጭቆውን ወደ ማጠብ ተመለሰ። ኒዛር ናና ከመንገዱ ማዶ ሱሪ ይተኩሳል። ሁሉንም ይሰማል። ቀና ብሎ ሲያየኝ በእጄ ሰላም አልኩት፤ ዳቦውን በያዝኩበት እጅ፣ ትንሽ ብቻ።

የጋሼ ዊጄፓላ የእህታቸው ልጅ በቅርቡ የስፌት ማሽን ገዝቷል። ይህንንም ሁሉም ያውቃል።

ነሐሴ 15

ሰዎች ያሰፉትን ዩኒፎርም ሳያልቅ እየወሰዱ ነው። አንዷ እጅጌው ያልተገጠመ ሸሚዝ ታቅፋ ስትወጣ አየኋት።

የሚገርመኝ አንድ ነገር ነው። ሁሉም ማን ነቀለው ይላል። ከማን ግድግዳ የሚል የለም።

ለኒዛር ናና ሄጄ እነግረዋለሁ። አብረን አንድ መላ እንፈልጋለን። ሠርጉ ቀን እስኪቆረጥ ብቻ ይታገሰኝ።

ነሐሴ 23፣ ቅዳሜ ማታ

እንቅልፍ የለም፣ ልጻፈው።

ዛሬ ማኅበሩ በገዳሙ አዳራሽ ተሰበሰበ። ምንጣፉ ሞልቶ ነበር። ኒዛር ናና ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባና መሃል ላይ ቆመ። መነኩሴው አባ ሲሪሱማና ከፍ ባለው ወንበራቸው ላይ ማራገቢያቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

"አንተ ነህ የነቀልከው?" አሉ ጋሼ ዊጄፓላ።

"ከግድግዳ ያወረድኩት እኔ ነኝ።"

"ከማን ግድግዳ?"

አለቀልኝ አልኩ። የሚያዩኝ መስሎኝ ቀስ ብዬ ቀና ስል ማንም አያየኝም፤ ሁሉም ምንጣፉን ነው የሚያየው። ሂን ማኒኬ የቀሚሷን ጫፍ ታጥፋለች። ርዕሰ መምህሩ የጠራ መነጽሩን ይጠርጋል፤ የትምህርት ቤቱ የውኃ ጋን ላይ የነበረው ቦ የት ሄደ? ጋሼ ዊጄፓላ ራሳቸው ጠይቀው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። በአዲስ ዓመት ሰሞን አሸንዳቸው ላይ አንድ ቦ ነበር። እኔ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ዛሬ የለም። ያን ጊዜ ገባኝ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የራሱ ስም እንዳይጠራ ነው ትንፋሹን የያዘው።

"የጠራኝ ሰው በጓሮ በር ነው የጠራኝ፣ ጋሼ። በፊት በር አላወጣውም" አለ።

አዳራሹ ተነፈሰ። እኔም ተነፈስኩ።

"እንግዲያው ጥፋቱ ያንተው ነው።"

"ሳወርደው በሕይወት ነበር" አለ ኒዛር ናና። ወደኔ አላየም።

ዝም ብል ይሻል ነበር። ዝም ያሉት ሁሉ ከኔ ይሻላሉ። እኔ ግን ተነሣሁ። እጆቼን አጋጥሜ ለመነኩሴው ሰገድኩና እንዲህ አልኩ፦ "አባታችን፣ ኒዛር ናና ሃይማኖታችንን አያውቅም። ሳያውቅ ያጠፋ ሰው ነው። ጌታችን ርኅራኄን አስተምረውናል፤ ይቅር እንበለው።"

"ሳዱ፣ ሳዱ" አለ ሕዝቡ። መልካም ሥራ ሲያዩ የሚሉትን።

ያን ጊዜ አየኝ። ተቆጥቶ ቢሆን እችለው ነበር። ግራ የገባው ሰው ነበር የሚመስለው፣ መንገድ ላይ በስሙ ጠርተውት ዞር ሲል ማንንም እንዳላገኘ ሰው።

ላድነው ብዬ ነው። ላድነው ብዬ ነው ብዬ ጽፌ አነበብኩት። ይቅር በሉት ማለት አጥፍቷል ማለት ነው፣ ይህን ለማወቅ መማር አያስፈልግም። ሌላው የጠረጠረውን እኔ አጸናሁበት፣ ያውም በርኅራኄ ስም።

ይቅር ተባለ። ክፍሏን ግን እስከ ልብስ በዓል እንዲለቅ ተወሰነ። ስንወጣ ጋሼ ዊጄፓላ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው "እትዬ ሶማ ባትለምንለት ኖሮ ከዚህም ይከፋ ነበር" አሉ።

ነሐሴ 24

በመንገድ ላይ ሁለት ሴቶች እጄን ይዘው አመሰገኑኝ። ልብሽ ወርቅ ነው አሉኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

መስከረም 4

የኒዛር ናና ሚስት ፋሪዳ መጣች። በፊት በር፣ በጠራራ ፀሐይ። የዲልሩክሺን የሠርግ ሳሪ ሸሚዝ አመጣችልን፤ ያን ጊዜ ሁሉም ልብሱን ሲወስድ እኔ ለመውሰድ አፍሬ ትቼው ነበር። ልቅም ብሎ ተሰፍቷል፣ የአንገቱ ዶቃ ሳይቀር።

"ጨርሶታል። በግማሽ ሌላ ሰው እጅ እንዲገባ አልፈለገም" አለች።

"ግቢ እንጂ ፋሪዳ፣ ሻይ ላፍላልሽ።"

"ይቅርብሽ እትዬ፣ ሰው ያያል።" ከዚያ ደፍ ላይ ቆማ "ይቅር በሉት ብለሽ ለመንሽልን አሉ። አላህ ይስጥሽ። እኔ ያልገባኝ ይቅር የተባለው ምኑን እንደሆነ ነው። ታውቂ ይሆን?" አለችኝ።

"እንዲያው ሰላም እንዲወርድ ብዬ ነው" አልኩ።

"ወርዷል" ብላ ሄደች።

ዲልሩክሺ ሸሚዙን አልሞከረችውም።

መስከረም 12፣ ዓርብ

አበባ ይዤ ወደ ገዳሙ ቦ ሄድኩ። አባ ሲሪሱማና ብቻቸውን አሸዋውን ይጠርጋሉ።

"ሶማ፣ ዓይንሽን አመመሽ እንዴ? ዛፉን አታዪውም።"

"ፀሐዩ ነው፣ አባታችን።"

ደመና ነበር። እሳቸው ጥቂት ጠረጉ። ከዚያ እንደ ሰንበት ትምህርት ልጅ ጠየቁኝ።

"ጌታችን ከነቁ በኋላ መጀመሪያ ያደረጉት ምንድን ነው? ሊሰብኩ ሄዱ?"

"የለም። ከዛፉ ፊት ቆመው ዓይናቸውን ሳይከድኑ ሳምንት ሙሉ አዩት።"

"ለምን?"

"ስላስጠለላቸው ሊያመሰግኑት።"

"ዛፉ ምን አደረገላቸው? ሲቀመጡ አልገፋቸውም፣ ይኸው ነው። ከሥሩ የተቀመጠውን ለማንም አልተናገረም። ለዚያች ነው ያን ያህል ቆመው ያዩት። እኛ የምንሰግደው ለእንጨት አይደለም፣ ሶማ። ያስጠለለህን ዓይን ለዓይን ማየት እንድንማር ነው።"

መጥረጊያቸውን ይዘው ወደ ማዶ አለፉ። ለኔ ይሁን ለሁሉም የሚሉት አላውቅም። ሰው ሲያማ ለኔ ብለህ ስማ ይባላል፤ ሲሰብክም ያው ነው።

ቤት ስደርስ ግን ተናደድኩባቸው። እሳቸውስ በስብሰባው ቀን አፍ አልነበራቸውም? የገዳሙን ጣሪያ በየዓመቱ ከቦ ቡቃያ የሚያጸዳው ማን እንደሆነ የማላውቅ መሰላቸው? በሳቸው መናደድ ደስ አለኝ። ትንሽ ጊዜ ከራሴ አሳረፈኝ።

መስከረም 20

ዲልሩክሺ ዕቃ እያጠበች፣ ሳትዞር፦

"እማ፣ ያ ቦ የኛው ነው አይደል?"

"ምን ትላለች ይቺ?"

"ውኃ ላጠጣው ስልሽ ተዪው አልሽኝ። ጎል ልንሄድ ስንልም ከክፈፉ ሥር ስታስገቢው አይቻለሁ።"

"ረስቼው ነው አልኩሽ። ደግሞስ ለማን ብዬ ይመስልሻል? ሴትዮዋ ብትሰማ ትወስድሻለች?"

"በኔ አታሳብቢ። እኔ ሸሚዙን እንዴት ነው የምለብሰው?"

በጥፊ ልመታት እጄን አነሣሁ። ሃያ አራት ዓመቷ ነው። እጄን አወረድኩ። እሷ ሳህኑን አለቅልቃ ደረደረችው።

አልረሳሁትም። ይኸው ጻፍኩት። በየማለዳው በመስኮት አየው ነበር። እኔ ሳልገድለው በራሱ እንዲሞትልኝ ነበር የምጠብቀው።

መስከረም 27

ሱቁ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። እሱ ደንበኛ ያስተናግዳል ብዬ። ደንበኛ አልነበረም።

ጥቅምት 1

በልብስ በዓል ቀን እናገራለሁ። ሁሉም ባለበት፣ የልጁ እናት ባለችበት። ለዲልሩክሺ ነገርኳት። "እሺ" አለች፣ ሌላ ምንም።

ጥቅምት 8፣ ሌሊት

ተናገርኩ።

ለመነኮሳቱ የሚሰጠው ልብስ በሰው ራስ ላይ ተጭኖ መንደሩን ዞሮ ገባ። ከዚያ ቦውን የማጠቡ ሥርዓት ነበር፤ ከጉድጓዱ እስከ ዛፉ ሰልፍ ሠርተን የውኃውን እንስራ እጅ በእጅ እናሳልፋለን። በግራዬ ሂን ማኒኬ፣ በቀኜ ዲልሩክሺ። የልጁ እናት በነጭ ሳሪ ከፊት ለፊቴ ቆማለች፣ ከአጠገቧ ጋሼ ዊጄፓላ። አንዱን እንስራ ተቀብዬ አላሳለፍኩም። ሰልፉ ቆመ።

"የኔ ነው" አልኩ። "ያ የሞተው ቦ ከኔ ግድግዳ የወረደ ነው። ኒዛር ናናን የጠራሁት እኔ ነኝ፣ አድርቄ የገደልኩትም እኔ ነኝ፣ ቦይ የጣልኩትም።"

ሂን ማኒኬ ጎኔን በክርኗ ወጋችኝና በጥርሷ መካከል "ዝም በዪ ሴትዮ። አንቺ ከጀመርሽ መጨረሻው የት ነው? እንስራውን አሳልፊ" አለችኝ።

"ከኔ ነው የወረደው" አልኩ ጮክ ብዬ።

ጋሼ ዊጄፓላ ሳቅ አሉ፣ የደግ አባት ሳቅ። ወደ ሕዝቡ ዞረው "አያችሁልኝ የእትዬ ሶማን ልብ? ያን ዕለትም ለምናለታለች፤ ዛሬ ደግሞ ሰውየው ክፍሏን እንዳያጣ ኃጢአቱን በራሷ ልትሸከም ነው። እንዲህ ያለች ሴት ዛሬ የት ትገኛለች?" አሉ።

"ሳዱ" አለ አንድ ሰው። "ሳዱ፣ ሳዱ" አሉ ሁሉም። ሰልፉ ከዳር እስከ ዳር።

"እውነቴን ነው" አልኩ። በለሆሳስ ሆነብኝ። የልጁ እናት እንባ ባቀረረ ዓይን መጥታ እንስራውን ከእጄ ተቀበለችና "ልጄን ለእንዲህ ያለ ቤት መስጠቴ ዕድሌ ነው" አለችኝ። አባ ሲሪሱማና ከዛፉ ሥር ሆነው አዩኝ፤ እኔም አየኋቸው። ዓይናቸውን የሰበሩት እሳቸው ናቸው።

ሳዱ ያላለች ዲልሩክሺ ብቻ ናት።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ሲሉ ለክፉ ቃል ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ መልካም የሚመስለውም ያው ነው። በነሐሴ የተናገርኩት ነው ዛሬ እውነቱን ውሸት ያደረገብኝ።

ጥቅምት 10፣ ዓርብ

ዛሬ በፊት በር ሄድኩ። በቀን። ሂን ማኒኬ በረንዳዋ ላይ ነበረች፣ ትይ።

ሱቁ ደጃፍ ባጃጅ ቆሟል። ፋሪዳና ዕቃው ቀድመው ሄደዋል፤ ወደ ወንድሟ ከተማ ነው የሚሄዱት። የቀረው ማሽኑ ብቻ ነው። ኒዛር ናና ጨርቅ ደልድሎ በገመድ ሲያስረው ደረስኩ።

"ተናገርኩ" አልኩት። "በሁሉም ፊት።"

"ሰምቻለሁ።"

"አላመኑኝም። እንደገና እናገራለሁ። ፖሊስ ጣቢያም ቢሆን፣ የትም።"

ገመዱን ሳበ፣ ቋጠረ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢለኝ፣ ቢሰድበኝ፣ ቢተፋብኝ ብዬ ጠበቅሁ። በመንገድ ሳስበው የመጣሁት ይህንን ነበር፤ ተንበርክኬ ይቅር በለኝ እለዋለሁ፣ እሱ እንደ ልማዱ አንድ ቀልድ ይቀልድና "ተነሺ እብድ" ይለኛል።

"ናና፣ ይቅር በለኝ" አልኩ።

"ይቅር ተባብለናል" አለ። ፊቱ ላይ ቁጣ የለም። ለማያውቃት ደንበኛ የሚያሳየው ትሕትና ነበር። ሾፌሩን ፈለገ፤ ሾፌሩ ሻይ ቤት ገብቷል። ማሽኑ ከባድ ነው፣ ብቻውን አይችለውም። ወደኔ ዞረ።

"በዚያ በኩል ይያዙልኝ" አለ።

ከኋላዬ ማን እንደመጣ ለማየት ዞርኩ። ማንም አልነበረም።

በዚያ በኩል ያዝኩለት። አነሣነው። ብረቱ እጄን ቆረጠኝ፣ አልለቀቅኩም።

"ቀስ ይበሉ" አለ፣ "እግርዎን እንዳይመታዎ።"

በልጅነቴ ከማንጎ ዛፍ ላይ በትከሻው ያወረደኝ፣ ባሌ የሞተ ጊዜ የሐዘኑን ነጭ ባንዲራ በመንገዱ ሙሉ ያሰረልኝ፣ ዕድሜ ልኩን አንቺ ሲለኝ የኖረ ሰው ነው።